ጭነቱ የት ይረፍ? ፒካፕ፣ ተሳቢና የጣና ዳር መንገድ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ፒካፕ ያለው ሰው ተሳቢ ለመጎተት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ «ይጎትተዋል ወይ?» ይላል። መልሱ አያስቸግርም፤ ይጎትተዋል። በደንብ የተያዘ ባለ ናፍጣ ሃይሉክስ በፎገራ ሜዳ ላይ ሦስት ቶን ቢያስሩበት ተነሥቶ መሄዱ አይቀርም። ከሞተሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ከተሳቢው ክብደት ስንት እጁ በፒካፑ ላይ ያርፋል? የሚያርፈውስ በኋላ ጎማው አናት ላይ ነው ወይስ ከጎማው አልፎ በስተኋላ? ሁሉን ያቆመዋል የተባለው ፍሬንስ የማን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ከተመረመረ፣ በአሜሪካ ለፒካፕ የመጨረሻው ምርጥ መጎተቻ ተደርጎ የሚቆጠረው፣ በካሶኒው ውስጥ የሚተከለው «አምስተኛ ጎማ» የተባለው የመጋጠሚያ ሰሃን፣ በአሠራሩ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ሳለ እኛ እጅ ላሉት ፒካፖች ግን የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ላይ መቀበል የሚከብዳቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

ፍላጎቱ እውነተኛ መሆኑን አስቀድሞ ማመን ይገባል። የጣና ዳርቻ ጀልባ ያለበት አገር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች ለጥገና ከውኃ ይወጣሉ፣ ይሸጣሉ፣ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። በሐይቁ ላይ ማሻገር ካልተቻለ ጎርጎራ ለመድረስ በወረታና በአዲስ ዘመን ወጥቶ፣ በአዘዞ ታጥፎ በቆላድባ በኩል መዞር ግድ ነው። በፎገራ ሩዝ መውቂያ ከማሳ ማሳ ይዞራል። በመራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ መስኖ አካባቢ የውኃ ፓምፕና ጄነሬተር ከቦታ ቦታ ይጎተታል። እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ ወዲህም ማጨጃ ማሽን እንኳ ሳይቀር በጎማ ላይ ተጭኖ ወደ ዳርቻው ሲመጣ አይተናል። «ጣናነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ስትጀምር ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ የተመለከታት ያለምክንያት አልነበረም፤ ባሕር በሌለበት አገር መርከብም ተሳቢ ላይ የሚወጣ ጭነት ነው። የፒካፕ ባለቤቱ ጥያቄ የዚሁ ትንሹ ወንድም ነው።

የሚገርመው፣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ከፊል ክብደቱን አሳርፎ የሚሄደው ተሳቢ ታሪኩ በአሜሪካ ከአንድ ጀልባ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ውስጥ አንድ የጣውላ ነጋዴ ጀልባውን ወደ በጋ ማረፊያው የሚያደርስለት ነገር እንዲሠራለት አውጉስት ፍሩሃውፍ የተባለውን አንጥረኛ ጠየቀው፤ አንጥረኛውም በፎርድ ሞዴል ቲ ላይ የሚገጠም ተሳቢ ሠራለት። ነጋዴው ወዲያው ጣውላውንም በዚሁ መጫን ጀመረ፤ የፍሩሃውፍ ስምም በኋላ የትልቅ ፋብሪካ ስም ሆነ። ወደ እኛ አገር የገባው ግን በመጀመሪያ ሌላው ሥርዓት ነው። ኢጣሊያኖች ይዘዋቸው የመጡት እነ ትሬንታ ኳትሮ የተባሉት የጭነት መኪኖች የራሳቸውን ሙሉ ጭነት ተሸክመው፣ ከኋላቸው ደግሞ በአራት ጎማው የቆመ ተሳቢ በዘንግ ይስቡ ነበር። ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ለረጅም ዘመን የአገሩ ዋና ጫኝ ሆኖ የቆየው በዚህ ልማድ ነው። ሃይቤድና ሎቤድ የምንላቸው፣ ፊታቸውን በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያሳርፉት፣ እየበዙ የመጡት ኋላ ነው። ስለዚህ ሾፌሮቻችንም ብየዳ ቤቶቻችንም ሁለቱን ሥርዓት ያውቋቸዋል። የጎደለው ዕውቀቱን ወደ ሦስት ቶን መኪና ሲያወርዱት ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ ማስላት ነው።

ቁጥሩን እንየው። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ርቀት 3.085 ሜትር ነው። ከኋላ መከላከያው ሥር የሚታሰረው ባለ ኳስ መጎተቻ ከኋላ አክስሉ በስተኋላ 1.2 ሜትር ያህል ይርቃል እንበል። በኳሱ ላይ 300 ኪሎ ቢያርፍ የኋላ አክስሉ የሚሸከመው 300 ብቻ አይደለም፤ ወደ 417 ኪሎ ይደርሳል። ትርፉ 117 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ ነው። መሪው የሚቀለው፣ የሌሊት መብራቱ ሰማይ የሚያየው፣ በዝናብ የፊት ጎማው መንገዱን በደንብ የማይጨብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ጉዳት የጎን ነው። ተሳቢው በነፋስ ወይም በጉድጓድ ወደ ጎን ሲወዘወዝ ግፊቱ የሚደርሰው ከአክስሉ 1.2 ሜትር ርቆ ስለሆነ የፒካፑን ጅራት ይዞ ያዞረዋል። የመጋጠሚያው ሰሃን ግን በአክስሉ አናት ላይ ወይም ጥቂት ጣት ወደፊት ቀደም ብሎ ይተከላል። 600 ኪሎ ቢያርፍበት የኋላ አክስሉ 600 ይሸከማል፤ ፊቱ አይነሣም፤ የጎን ግፊቱም የሚይዘው ጅራት አያገኝም። በአሜሪካ መንገድ ላይ አሥር ሜትር የሚረዝም ተጎታች ቤት የሚስቡ ጡረተኞች ይህን መጋጠሚያ የሚመርጡት በዚህ ነው፤ ልክም ናቸው።

ታዲያ እኛ ለምን አንመርጠውም? አስቀድሞ ክብደቱን እንመልከት። በኳስ የሚጎተት ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን በጎታቹ ላይ ያሳርፋል፤ በሰሃን የሚጋጠመው ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ። ሦስት ቶን የሚመዝን ተሳቢ በ20 በመቶ ሲሰላ 600 ኪሎ በካሶኒው መካከል ይተክላል። የመጋጠሚያው ሰሃን ከነእግሩና ከነሐዲዱ 80 ኪሎ ይሁን። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ውስጥ አምስት ሰው 350 ኪሎ ነው። ድምሩ 1,030 ሆነ። የሃይሉክስ፣ የዲማክስና የመሰሎቻቸው የመጫን አቅም ደግሞ ወደ አንድ ቶን ነው። ድምሩም አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ትርፍ ጎማ፣ የመሣሪያ ሳጥን ሳይጨመር ነው። ያው ሦስት ቶን በኳስ ቢጎተት በ11 በመቶ 330 ኪሎ ያርፋል፤ አምስቱም ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ጥቂት ዕቃም ይጨመራል። ካሶኒውም ነጻ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ በባሕር ዳር ፒካፕ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ካሶኒውን ነው፣ ሰሃኑ ግን እሱኑ ይበላበታል።

ቀጥሎ ስፋቱ አለ፤ በእኔ ግምት ነገሩን የሚቆርጠው ይህ ነው። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ካሶኒው ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከኋላ አክስሉ እስከ ጋቢናው ጀርባ ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር በእጅጉ ያንሳል። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ ወደ ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ ማዕዘኑ፣ ሰሃኑ ከሚይዘው የተሳቢው ፒን አንድ ሜትር ወደፊት ይመጣል። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የጋቢናው የኋላ መስታወት ይረግፋል። ጀልባ ወደ ውኃ የሚያወርድ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያደርገው በጠባብ ዳርቻ ላይ ወደኋላ እየሄደ ማጠፍ ነው። አሜሪካኖቹ ለአጭር ካሶኒ ወደኋላ የሚንሸራተት ሰሃን ሠርተዋል፤ ለተሳቢውም ጠባብ አፍንጫና ረጅም የፒን ክንድ ያበጁለታል። ይህ መፍትሔ ግን የተሰላው ካሶኒው ወደ ሁለት ሜትር ለሚጠጋ መኪና ነው። በእኛ ላይ ያን ያህል ወደኋላ ሲንሸራተት ክብደቱ ከአክስሉ ስለሚያልፍ ሰሃኑ የተመረጠበት ጥቅም ራሱ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ከባዶ የመጡ አይደሉም። «ሃይሉክስ ሁለት ቶን ሲጭን በዐይናችን አይተናል» ይባላል። አዎን፣ ይጭናል፤ የሚጭነው ግን የነገውን ባሌስትራ፣ የነገውን ሻንሲና የሰውን ሕይወት አስይዞ ነው። በካሶኒ ላይ የተጫነ ማዳበሪያ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ተሳቢ ግን በየጉድጓዱ ይገፋል፣ ይስባል፣ ያናውጣል። ሁለተኛው፣ «ባሌስትራ ይጨመርለታል» የሚለው ነው። ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን ወገብ ቀና ያደርገዋል እንጂ የአክስሉን፣ የቸርኬውን፣ የጎማውንና የፍሬኑን አቅም አያሳድግም። እንዲያውም ጎባጣነቱ ስለማይታይ ሾፌሩ ከአቅም በላይ መጫኑን የሚያውቅበትን ምልክት ይሰውርበታል። ሦስተኛው ብልህ ተቃውሞ ነው፤ ከአሮጌ ሃይቤድ ጎታች የወረደ ሰሃን በርካሽ ይገኛል፣ ፒኑም በትልቁም በትንሹም ሁለት ኢንች ነው፣ ታዲያ ለምን እሱን አንገጥምም? እውነት ነው፣ 50.8 ሚሊ ሜትሩ ፒን የአርባ ቶኑም የአራት ቶኑም ነው። ነገር ግን የከባዱ መኪና ሰሃን ብቻውን ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ለመቆሚያው የሚፈልገውም ወፍራም ሻንሲ በፒካፕ ላይ የለም። መግጠሙ ስለሚሆን ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም።

«መንገዱ እኮ ተሻሽሏል» የሚሉም አሉ። ተሻሽሏል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ ስፋቱም ተሳቢ ከተሳቢ ሳይጨናነቅ ያሳልፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ጃፓኖች የሠሩት የህዳሴ ድልድይ ወንዙን ቢያሻግርም ቁልቁለቱን አልደለደለውም። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል። ፒካፑና ተሳቢው አንድ ላይ ስድስት ቶን ቢሆኑ በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑና ሞተሩ ሊውጡት የሚገባው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ240 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ይህን ሁሉ በአራት የፍሬን ሸራ ላይ መጣል የሞት መንገድ ነው። የበረሃው ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ የፒካፕ ነጂው ግን ትልቅ መኪና ስላልያዘ ምክሩ ለእሱ ያልተነገረ ይመስለዋል። ወደ ምሥራቅ ለሚሄደውም ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣው ዳገትና መመለሻው ቁልቁለት አለ። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ ያለው ሞተር ብዙውን ያካክሳል፤ ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ግን በወረቀት የተጻፈለትን ጉልበት እዚህ አያገኘውም።

ስለዚህ ከመጋጠሚያው ዓይነት ይልቅ ሊከራከሩበት የሚገባው የተሳቢው ፍሬን ነው። የሃይሉክስ አምራች ለአንዳንድ አዳዲስ ባለ 2.8 ሊትር ሞዴሎች እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቅዳል፤ ብዙ ሻጭ የሚጠቅሰውም ይህችን ቁጥር ነው። የማይጠቀሰው ቀጣዩ መስመር ነው፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የተፈቀደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። በየብየዳ ቤቱ የሚሠራው ሁለት ጎማ ያለው ተሳቢ በአብዛኛው ፍሬን የለውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፤ ያ ካልተገኘ ተሳቢው ጎታቹን ሲገፋ በራሱ ግፊት የሚይዘው ሜካኒካል ፍሬን አለ፣ ለእኛ ገበያና ለእኛ ጋራዥም የሚቀለው እሱ ይመስለኛል። በተጨማሪ ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዝ ገመድና ሁለት የተጠላለፉ ሰንሰለቶች ሊኖሩት ይገባል።

ለማን ይሆናል ታዲያ ያ ሰሃን? ከውጭ አልፎ አልፎ ለሚመጡት እንደ ፎርድ ኤፍ 250 ወይም ራም 2500 ላሉት ግዙፍ ፒካፖች፣ ካሶኒያቸው ወደ ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ። የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት አምራቹ ለሞዴሉ ብሎ የሠራውን መደገፊያ ብረት ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ ይህ ብረት ሻንሲው ላይ ቀድሞ ባሉት ቀዳዳዎች በብሎን ይታሰራል። በአገር ቤት መብሳት ግድ ከሆነ የሻንሲው ጎን ይበሳ እንጂ የላይና የታች ከንፈሩ አይነካ፤ የማጠፍን ኃይል የሚሸከመው ከንፈሩ ነው። ሻንሲ ላይ ብየዳ አይሞከር፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፣ በአጠገቡም የነዳጅ መስመርና የፍሬን ቧንቧ ያልፋሉ። ሰሃኑ ብቻውን በካሶኒው ቆርቆሮ ላይ ከታሰረ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይነቀላል። ብሎኖቹ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ያላቸው ይሁኑ፣ ልኩን በሚያነብ ቁልፍ ይጥበቁ፣ ከመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሹ። በተሳቢው አፍንጫ ሥርና በካሶኒው ግድግዳ መካከል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር፤ በዋልካ መሬት ላይ መኪናውና ተሳቢው በየአቅጣጫው ስለሚያዘነብሉ ደግሞ ሰሃኑ ፊትና ኋላ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝም የሚወዘወዝ ዓይነት ይመረጥ። ከተጋጠመ በኋላ የተሳቢው እግር ሳይነሣ፣ ጎማው ድንጋይ ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ ሳብ አድርጎ መንጋጋው መያዙን ማረጋገጥ የሃይቤድ ሾፌሮች ሁሉ የሚያደርጉት ነው፤ ለትንሹም ያው ነው።

ለሌላው፣ ማለትም ለአብዛኛው፣ ኳሱ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ይስተካከል። አንደኛው የሚታሰርበት ቦታ ነው፤ በየከተማው የምናየው ከመከላከያው ጋር በብየዳ የተጣበቀ ቁራጭ ብረት መጎተቻ አይደለም፣ መጎተቻው ግራና ቀኝ የሻንሲውን ጎን ይዞ በብሎን መታሰር አለበት። ሁለተኛው የጭነቱ አቀማመጥ ነው። ኳስ ላይ ያለ ተሳቢ እንደ እባብ ይወዛወዛል የሚለው ወቀሳ እውነት የሚሆነው ጅራቱ ሲከብድ ነው፤ የጀልባ ተሳቢ ደግሞ ለዚህ ተጋላጭ ነው፣ ሞተሩም ነዳጁም በጀልባው ጅራት ስላሉ። መፍትሔው የተሳቢውን ጎማ ወደኋላ መሳብ ወይም ጀልባውን ወደፊት መግፋት ነው፤ አፍንጫው በእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ በታች ካሳየ አይነዳ። እግረ መንገዴን ስለ መብራቱ ልበል፤ ተሳቢ የሚሠሩ ቤቶች የለመዱት የከባድ መኪና 24 ቮልት ነው፣ ፒካፕ ግን 12 ነው። ያንኑ አምፖል የሰቀለ ተሳቢ በሌሊት ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ላለው ሰው እንደ ጭላንጭል ነው የሚታየው።

ከሦስት ቶን በላይ የሚጎተት ነገር ላለው ሰው መልሱ መጋጠሚያ መለወጥ ሳይሆን መኪና መለወጥ ነው፤ አንድ አይሱዙ ኤን ፒ አር ተከራይቶ ጀልባውን ካሶኒው ላይ ማውጣት ከሁሉም ይረክሳል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ምትክ ማግኘት ስለሚከብድ፣ እጅ ላይ ያለውን ፒካፕ ሻንሲ በስቶ ማበላሸትም ብልህነት አይመስለኝም። የአካባቢው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለዓመታዊ ምርመራ የሚመጣ ፒካፕ ላይ መጎተቻ ሲያይ አስተሳሰሩንና የተሳቢውን ፍሬን አብሮ ቢመረምር፣ የተፈቀደውን የመጎተት ልክም ሊብሬው ላይ ቢጽፈው ብዙ አደጋ ይቀራል። ፖሊ የሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ለየብየዳ ቤቱ የሚሆን አንድ የተፈተነ የመጎተቻ ንድፍ ማውጣት አያቅተውም። እስከዚያው ግን፣ ፒካፕዎን ወደ ብየዳ ቤት ከመውሰድዎ በፊት የአምራቹን የክብደት ሰሌዳና የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልገው ያንብቡ፤ ተሳቢውንም ባዶውንና ከነጭነቱ ያስመዝኑ።